በእንዶድ የታጠበ አጥር

ላምበረት መናኸሪያ ከኤርሳዶ ጋር የሠሩ ጫኝና አውራጆች ዛሬም ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰውየው ቁመቱ አጭር ነው፤ ትከሻው ግን በበር ሲገባ ትንሽ ዘንበል ያስብለዋል። በሃያ ሁለት ዓመት የመናኸሪያ ኑሮው የአንድ ሾፌር መንጋጋ ሰብሯል፣ የሁለት ወያላዎች የፊት ጥርስ አውልቋል፣ አንድ ተራ አስከባሪ ደግሞ ከአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ገፍትሮ ወገቡን አበላሽቶታል። ሾፌሩ ሰድቦት ነበር። ወያላዎቹ የተሸከመውን ጆንያ ረግጠውበት ነበር። ተራ አስከባሪው ወረፋውን ለሌላ ሰጥቶበት ነበር። ኤርሳዶ ያለ ምክንያት ሰው መትቶ አያውቅም፤ ይህን ሲናገር ደግሞ ከልቡ ነበር። የሚሰማውም ሰው ራሱን ይነቀንቅለታል፤ ምን ያድርግ፣ አልነቀንቅም ቢል ቀጣዩ እሱ ነው።

ቤት ውስጥም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከሀዲያ ድረስ አብራው የመጣችው ሚስቱ ገንዘቤ የእግሩን ኮቴ ሰምታ የዕለቱን አየር የምታውቅ ሴት ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ምሳ ዘገየ ብሎ በጥፊ መታት። ጥፊው ግራ ጆሮዋን አገኘው። ደሙ በአንገቷ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጆሮዋ አትሰማም። ልጃቸው ናኦሚ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። የእናቷን ጆሮ በነጠላ ጠምጥማ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት፣ ከሆስፒታል ደግሞ ሰሚት ወዳለው አጎቷ ቤት። ኤርሳዶ ብቻውን ቀርቶ የቀዘቀዘውን ምሳ ቁጭ ብሎ በላው። ከጥፊው እኩል የሚያፍርበት ነገር ቢኖር ይህ መብላቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የሰው ኑሮ አልነበረም። መናኸሪያውን ተወ፤ ወይም መናኸሪያው እሱን ተወው። ጉርድ ሾላ ባለች የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። እዚያ ሽማግሌ ከሆኑት መካከል ጋሽ ይትባረክ የሚባሉ አናጢ ነበሩ፤ ሌላ ሰው ለእሱ ሊሰጥ የማይደፍረውን ሥራ እሳቸው ደፍረው ሰጡት። የአንድ ግቢ የእንጨት አጥር እንዲያጥብ ነበር። ኤርሳዶ የሽቦ ብሩሽ ይዞ እንደ ጠላቱ ገጠመው፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሳንቃውን ቦጫጭቆ ነጭ ሥጋውን አወጣው። ጋሽ ይትባረክ መጥተው አዩና ብሩሹን ከእጁ ወሰዱ።

«ይሄ ምን አደረገህ?» አሉት፣ እንጨቱን እያሳዩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ እጁን በእጃቸው ይዘው ሳንቃው ላይ አስኬዱለት። ሥራውን ያስተማሩት እንደዚያ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውንና የሸረሪት ድሩን ማውረድ ነው። ቀጥሎ ሳንቃውን ከታች ወደ ላይ ማርጠብ፤ ከላይ የጀመረ ሰው ቆሻሻው እየወረደ ደረቁ እንጨት ላይ መስመር ያሰምርበታልና። ከዚያ እንዶድ ነው። ኤርሳዶ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጦ፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ በጨርቅ አጥልሎ ይዞ ይመጣል። አረፋውን ይቀባና ፀሐይ ሳያደርቀው ትንሽ ይታገሣል፤ ስለዚህ ጠዋት በጥላው በኩል፣ ከሰዓት በወዲያኛው በኩል ይሠራል። የሚያሸው በቃጫ ነው፤ ዘመዶቹ ከአገር ቤት በሚልኩለት፣ ከእንሰት በሚፋቅ፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሕፃን ፀጉር በሚለሰልስ ቃጫ። እሽታው እንጨቱ ራሱ ያደገበትን መስመር ተከትሎ ብቻ ነው፣ በተቃራኒው በፍጹም። መጨረሻ ላይ በአትክልት ማጠጫ ቀስ ብሎ ያለቀልቀዋል። ሁለት ቀን በጥላ ደርቆ የተልባ ዘይት ይጠጣል። ላቫጆ ቤት ያለው የመኪና ማጠቢያ ማሽን በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን እሱ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ ልዩነቱ እሱ ሲሄድ አጥሩ መቅረቱ ነው።

ገንዘቤ ከዓመት በኋላ ተመለሰች። ለምን እንደተመለሰች ለማንም አልተናገረችም፤ ኤርሳዶም መጠየቅ ፈራ። ናኦሚ ግን አልተመለሰችም። ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ይዛ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራየች፤ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ አባቷን ሰላም ትላለች፣ በቃ። ባለፈው ሚያዝያ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች መጥተው ከሄዱ በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችው።

«አባ፣ የሠርጌ ቀን ይዘኸኝ እንድትገባ እፈልጋለሁ» አለችው። «ግን ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሠርጌ በአንድ ሰው ላይ እንኳ እጅህን ካነሳህ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ወንበር ይዘህ ትቀመጣለህ። ሽማግሌ ብትልክብኝም አልሰማ።»

«አላነሳም።»

«እናያለን» አለች።

ስድስት ወር ሙሉ አላነሳም። ታክሲ ውስጥ ተረግጧል፣ ሰልፍ ላይ ተገፍትሯል፤ ዋጠው። ሠርጉ በጥቅምት እሁድ ሊሆን ሰባት ቀን ሲቀረው ነው የፍትዊ ሥራ የመጣው።

ፍትዊ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ የአትክልት ቦታ ያለው ምግብ ቤት ከፍቷል። ግቢውን የከበበው አርባ እርምጃ የሚሆን የጥድ ሳንቃ አጥር ነው። ክረምቱ አረንጓዴ ሻጋታ አልብሶታል፤ ከላዩ ደግሞ የመኪና ጭስ። ፍትዊ መጀመሪያ ሥራውን የሰጠው ከአጥሩ ማዶ ላቫጆ ላለው ለአሌክስ ነበር። አሌክስ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ አፉ የሚቀድመው ጎረምሳ ነው። ማሽኑን ስቦ መጥቶ «በሁለት ሰዓት አዲስ አደርግልሃለሁ» አለ። የውሃው ግፊት ለስላሳውን እንጨት ጠርጎ ጠንካራውን ብቻ አስቀረው፤ ስድስቱ ሳንቃዎች ድመት የቧጨረችው ሶፋ መሰሉ። ፍትዊ አስተናጋጆቹ ፊት ሰድቦ ከነማሽኑ አባረረው። በማግስቱ ደግሞ ባልዲና ቃጫ የያዘ ሽማግሌ መጣ። አሌክስ ፍትዊን ምንም ማድረግ ስለማይችል ቂሙን ወደ ሽማግሌው አዞረው። እንዲህ ያለ ሰው ሁሌም የሚችለውን ሰው አያጣም።

ማክሰኞ ጠዋት ኤርሳዶ ጎንበስ ብሎ ሲያሽ የማሽኑ ውሃ በአጥሩ ላይ አልፎ ክንዱን አገኘው። እሳት የነካው መሰለው። ሲያየው ከክርኑ በታች ያለው ቆዳ ተገሽልጦ እንደ ቲማቲም ልጣጭ ተንጠልጥሏል፤ ደሙ ከአረፋው ጋር እየተቀላቀለ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ይቅርታ ፋዘር፣ አላየሁህም» አለ አሌክስ። ጓደኞቹ ሳቁ።

ኤርሳዶ ሁለቱንም እጆቹን እስከ ክርኑ ባልዲው ውስጥ ከተተ። እንዶዱ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ሲለበልበው ጥርሱን ነክሶ የልጁን ስም ጠራ፤ ናኦሚ፣ ናኦሚ፣ ናኦሚ። ሳቁ እስኪያልፍ እጁን አላወጣም። ከዚያ ክንዱን በጨርቅ አስሮ ሥራውን ቀጠለ።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ የአሌክስ ባልደረባ ኪዱ በአጠገቡ ሲያልፍ የቆመበትን በርጩማ በእግሩ መታው። ኤርሳዶ በጎኑ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ አንድ የጎን አጥንቱ ውስጡ ቀጭ ሲል ራሱ ሰማው። ኪዱ አጠገቡ ቆሞ እጁን ዘረጋለት፤ ኤርሳዶ ሊይዘው ሲል እጁን መልሶ ሰበሰበ። በመናኸሪያው ዘመን ቢሆን ይህ ልጅ ዛሬ ምግቡን በቱቦ ነበር የሚወስደው። ኤርሳዶ ተነሥቶ በርጩማውን አቆመ። ዝም ያለን ሰው የፈራ የሚመስላቸው አሉ፤ ኪዱና አሌክስ ከእነዚያ ናቸው። ሽማግሌው ዝም ባለ ቁጥር እነሱ እየደፈሩ መጡ።

ፍትዊ ጎኑን ይዞ ሲራመድ አይቶ «ጋሽ ኤርሳዶ፣ ምን ሆኑ? ፖሊስ ልጥራ እንዴ?» ብሎት ነበር።

«ወደቅሁ» አለ ኤርሳዶ። «ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ተወው።»

ሐሙስ ነገሩ ፈነዳ። ኤርሳዶ ያጠለለውን እንዶድ የሚይዘው በባዶ የውሃ ሃይላንድ ነው። በዚህ ከተማ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም፤ ጋዙም፣ በረኪናውም፣ አረቄውም እዚያው ነው የሚቀመጠው። የእሱ እንዶድ ደግሞ ደፍረስ ያለ፣ ቢጫ የሚል፣ አንገቱ ላይ አረፋ የያዘ ነው። በጥላው በኩል አጥሩ ላይ በገመድ አንጠልጥሎታል። ኤርሳዶ ጴንጤ እንደሆነ፣ መጠጥ እንደማይቀምስ ላቫጆው ሁሉ ያውቃል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስቀውበታል። አሌክስ ሃይላንዱን ሲያየው ዓይኑ በራ።

«ጉድ በሉ» አለ ገመዱን በጥሶ። «ጴንጤው ለካ ጠጁን ደብቆ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ ቃጫው ነው የሚያወዛውዘው ብዬ።»

ላቫጆው በሳቅ ወደቀ። ኤርሳዶ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አየውና ቃጫውን ጣለ።

«አትጠጣ» ብሎ ጮኸ። «መርዝ ነው፣ አትጠጣ።»

ለአሌክስ ይህ ምስክር ነበር፤ ጠጁን የሰሰተ ሰው ሌላ ምን ይላል? ለጓደኞቹ ሊያሳይ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ትንፋሽ ሳይወስድ ግማሹን ጨለጠው። ሲያወርደው ፊቱ ተጨማደደ። ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ጉሮሮውን ያዘ፤ ጉልበቱ ታጠፈና ቁርሱን፣ አረፋውን፣ ደም የቀላቀለ ነገር እያስመለሰ በጀርባው ዘይት የተንጣለለበት ሲሚንቶ ላይ ተዘረረ።

ኤርሳዶ አጥሩን ዞሮ እየሮጠ መጣ። ሊደርስለት ነበር የመጣው፤ እነሱ ግን የሰሙትን ሰምተዋል።

«መርዝ ነው ብሏል፣ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ» አለ ኪዱ። «መርዝ አጠጣው።»

የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ምት የኤርሳዶን ትከሻ አገኘ፣ ሁለተኛው ቅንድቡን ሰነጠቀው። ሌሎቹ ሁለቱ የላቫጆ ሠራተኞች ከሁለት በኩል ገቡበት። ወደቀ። ጫማ አፉን መታው፤ ጥርሱ ምላሱ ላይ ተሰበረ። ጫማ የተጎዳውን ጎኑን መታው፤ ትንፋሹ ተቋረጠ። እጆቹን ከሆዱ ሥር ከተተ። ይግደሉኝ አለ በልቡ፤ እሁድን በአስከሬን ሳጥንም ቢሆን ቃሌን ጠብቄ እደርሳለሁ።

በእግሮቻቸው መካከል ግን አሌክስን አየው። ጎረምሳው በጀርባው ተንጋሎ የራሱ ትውከት ጉሮሮውን ሞልቶታል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ተረከዙ ሲሚንቶውን ይደበድባል። የሚያየው ሰው የለም፤ ሦስቱም የሚደበድቡት እሱን ነው።

«አዙሩት» አለ ኤርሳዶ በደም አፉ። «በጎኑ አዙሩት። እየታፈነ ነው።»

ማንም አልሰማውም። ብረቱ እንደገና ተነሣ። ኤርሳዶ ከሆዱ ሥር እጆቹን አወጣ።

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የጎን አጥንቱ የተሰነጠቀ፣ አንድ ዓይኑ በደም የተጋረደ። ግን እጁ ምንም አልረሳም። የኪዱን የብረት እጅ አንጓው ላይ ይዞ ጠመዘዘው፣ ብረቱ ወደቀ፤ በቀኙ አፍንጫውን መታው፣ አጥንቱ ከጣቱ ሥር ሲደቅ ተሰማው። ሁለተኛውን ሰው ከጎድኑ በታች ጨጓራው ላይ መታው፤ ሰውየው እንደ ጆንያ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ ሦስተኛውን መታው። ከዚያ አሌክስ ላይ ተንበርክኮ በጎኑ ገለበጠው፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ትውከቱን ጠረገ፣ በትከሻዎቹ መካከል መታ መታ አደረገው። አሌክስ አንዴ ጮክ ብሎ አየር ሳበ። ፍትዊ ከአስተናጋጆቹ ጋር ሲደርስ ኤርሳዶ ጎረምሳውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ያስተውከው ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ፣ አሌክስ በጀርባው ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ አይተርፍም ነበር አለ። አሌክስ ነፍሱ መለስ ሲል ራሱ ነጥቆ እንደጠጣው ለፖሊስ ተናገረ። ኪዱ አፍንጫው ታሽጎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ወደ ኤርሳዶ ማየት አቃተው። ፍትዊ ደግሞ የኤርሳዶ ቅንድብ ሲሰፋ ስልኩን ተቀብሎ ለናኦሚ ደወለላት፤ ያየውን ነገራት፣ ትንሽም ጨመረበት። ሰው አንዳንዴ ደግ ሆኖ ሳለ ነገር ያበላሻል።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ናኦሚ ጉርድ ሾላ ያለው ቤት መጣች። ኤርሳዶ አልጋ ላይ ነው፤ ገንዘቤ ሾርባ በማንኪያ እያቀመሰችው። ፊቱ ማበጡን፣ ቅንድቡ ላይ ያለውን ክር፣ የጎደለውን ጥርስ ናኦሚ ቆማ አየች። ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ሰማሁ» አለች። «ፍትዊ ሁሉንም ነገረኝ። ሦስት ሰው ጥለህ ነው የደረስክለት አለኝ። አባ፣ ይሄ አይቆጠርም። ሰው ለማዳን ነው። እሁድ ይዘኸኝ ትገባለህ።»

ኤርሳዶ ስድስት ወር የጠበቀው ቃል ይህ ነበር። ደስታው ከጎኑ ሕመም በላይ ደረቱን አስጨነቀው። አዎ ቢል፣ ዝም ቢል እንኳ፣ የእሱ ነበር። ገንዘቤ ማንኪያውን እንደያዘች ፊቱን ታየዋለች።

«ሁለቱን የመታሁት ለማዳን ነው» አለ። «ኪዱ ብረት ይዟል። ያኛው መንገድ ዘግቷል። እነሱን ባልመታ ልጁ ይሞት ነበር።»

«እና?»

«ሦስተኛው ሊሸሽ ዞሮ ነበር።»

ናኦሚ አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም።

«መንገዱ ተከፍቶልኝ ነበር» አለ ኤርሳዶ። «ዝም ብዬ ወደ ልጁ መሄድ እችል ነበር። ጀርባውን ሳይ ሄጄ ከኋላ፣ ከጆሮው በታች መታሁት። በፊቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ደስ አለኝ። እንደ ድሮው ነው ደስ ያለኝ።»

ኤርሳዶ ወደ ሚስቱ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሮ ቀጠለ።

«የዚያን እሁድም እንደዚሁ ነው። ምሳው ስለዘገየ ተጣላን ነው ያልኩት ለሁላችሁም። እናትሽ መልስ አልሰጠችኝም። ወደ ጓዳ ልትገባ ዞራ ነበር።»

ናኦሚ ወደ እናቷ ተመለከተች። ገንዘቤ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አስቀመጠች።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ዞሬ ነበር።»

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ናኦሚ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ የአባቷን ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ሳበችለት።

«እሁድ አራት ሰዓት ነው» አለች። «ከእንግዶች ጋር ቀደም ብለህ ና።»

ምንም አልለመናትም። ከሄደች በኋላ ግን ብርድ ልብሱን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ገንዘቤም ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ቁጭ አለች። አላባበለችውም፣ ጥላውም አልወጣች።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኤርሳዶ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጎኑ በፋሻ ተጠፍንጎ፣ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ተቀመጠ። ከአጠገቡ የሙሽራው ወገን የሆነ ጎልማሳ ያበጠውን ፊቱን ሰርቆ ሰርቆ አየው።

«የሙሽራዋ ወገን ነዎት?» አለው በመጨረሻ።

«አባቷ ነኝ።»

ሰውየው ወደ በሩ አየ፤ ወደ እሱ አየ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ የመዝሙር ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። በሩ ተከፈተ። ናኦሚ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ የእናቷን ክንድ ይዛለች፤ ገንዘቤ ቀና ብላ፣ ሳትቸኩል ትራመዳለች። መዘምራኑ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ብድግ ሲል ኤርሳዶም ጎኑን በእጁ ደግፎ ከእንግዶቹ ጋር ተነሣ።